ፓምፑ ለሮቶ፣ ቫልቩ ለተክል፦ የጓሮ ጠብታ መስኖን ሰዓት ማስያዝ

ጓሮው ውስጥ ጥቂት ቲማቲም፣ ቃሪያና ቆስጣ ያለው የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው ውሃ ማጠጣቱን ለማሽን ልስጥ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ፓምፕ፣ ቫልቭና ታይመር ገዝቶ ሦስቱን በአንድ መስመር ማሰር ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ቫልቩ ይከፈታል፣ ፓምፑ ይነሣል፣ ተክሉ ይጠጣል። መብራትና ውሃ በማይቋረጡበት ቦታ ይህ በቂ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ሁለቱ ልክ በተክሉ ሰዓት እስኪገናኙ መጠበቅ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ደግሞ በጀሪካን የተተከለ ቲማቲም ሁለት ቀን ውሃ ካለፈው አበባውን ያራግፋል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የፓምፑንና የቫልቩን ሥራ ለዩ። ፓምፑ ከታችኛው ሮቶ ወደ ላይኛው ውሃ ማውጣት ብቻ ይሁን ሥራው፤ መብራትና ውሃ በተገናኙበት በየትኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን። ቫልቮቹ ደግሞ ከላይኛው ሮቶ በራሱ ክብደት የሚወርደውን ውሃ በባትሪ ኃይል በሰዓቱ ይልቀቁ። እንዲህ ሲሆን መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ ተክሉ አያውቀውም። ወጪው በአንድ ሮቶና በአንድ ባትሪ ይጨምራል፤ በእኔ ሚዛን ግን ከማንኛውም ዘመናዊ ዳሳሽ (ሴንሰር) በፊት ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ይኸው ነው።

የከፍታው ጉዳይ

1 ሜትር የውሃ ከፍታ 0.1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። የላይኛው ሮቶ ግርጌ ከድሪፐሮቹ፣ ማለትም በየተክሉ ሥር ውሃ ከሚያንጠባጥቡት ትንንሽ መውጫዎች፣ 3 ሜትር ከፍ ካለና ውስጡ ያለው ውሃ 1 ሜትር ቁመት ካለው፣ ሲሞላ 0.4 ባር፣ ሊያልቅ ሲል 0.3 ባር ታገኛላችሁ። «በሰዓት 4 ሊትር» ተብሎ የሚሸጠው ተራ ድሪፐር ያን ያህል የሚያፈሰው በ1 ባር ነው። የሚወጣው ውሃ ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ በ0.35 ባር በሰዓት 2.4 ሊትር ገደማ ብቻ ይወርዳል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ደቂቃውን በዚያው ልክ ማርዘም ነው። ግፊት አስተካካይ የተባሉትን ውድ ድሪፐሮች ግን ለዚህ አሠራር አትግዙ፤ አብዛኞቹ በትክክል መሥራት የሚጀምሩት ከ0.5 ባር በላይ ነው።

ደሴ ላይ ቤታችሁ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ከሆነ የላይኛውን ሮቶ ከጓሮው ራስ፣ ተክሉን ከግርጌ አድርጉት፤ መሬቱ ራሱ ከፍታውን ይሰጣችኋል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ግን የብረት መቆሚያ ማሠራት ያስፈልጋል። 500 ሊትር ውሃ ብቻውን 500 ኪሎ ነው። መቆሚያው እግሩ በኮንክሪት የተያዘ፣ በአግድም ብረት የተወጠረ ይሁን፤ ብሎኬት ላይ የተጋደመ ጣውላ ይህን አይሸከምም፣ ሲወድቅም ልጅ ሊገድል ይችላል።

ከሮቶው የሚወርደው ዋና መስመር 25 ሚሊ ሜትር፣ በተክሎቹ መካከል የሚሄደው ጥቁር ጎማ 16 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ከተጠቀማችሁ ውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል፣ ዝቃጩም ድሪፐር ይደፍናል። ጥቁሩም ፀሐይ ላይ ከተጋለጠ ውስጡ የቀረው ውሃ ይግላል፤ አፈር ወይም ገለባ አልብሱት።

የትኛው ቫልቭ

ርካሹና በቀላሉ የሚገኘው ነጭ ፕላስቲክ የሆነው የ12 ቮልት ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፈት) ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ያለው ዓይነት። ከሮቶ ለሚወርድ ውሃ አይሆንም። ውስጡ ያለው ስስ ጎማ የሚነሣውም የሚገጥመውም በውሃው ግፊት ረዳትነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 0.2 ባር ይጠይቃል። 3 ሜትር ላይ ያለ ሮቶ ይህን ያሟላል ቢባል እንኳ ቫልቩ ለራሱ የሚወስደው ግፊት ለድሪፐሩ ከሚቀረው ላይ ይቀነሳል። ግፊቱ ሲሳሳ ደግሞ በደንብ ሳይገጥም ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ ጠዋት ሮቶው ጎድሎ፣ አንዱ ጀሪካን ረግረግ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ያለ ግፊት የሚከፈት የነሐስ ሶሌኖይድም አለ። ይሠራል፤ ግን ግማሽ ኢንቹ ክፍት ሆኖ በቆየ ቁጥር ወደ 1.6 አምፔር ይበላል፣ ይግላልም። በቀን 75 ደቂቃ ቢከፈት 2 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ለትንሽ ባትሪ ከባድ ሸክም።

እኔ የምመርጠው በሞተር የሚዞረውን የ12 ቮልት ቦል ቫልቭ ነው። ሲዞር ብቻ ነው ኃይል የሚጠቀመው ማለት ይቻላል፤ ግፊት አይጠይቅም፣ መተላለፊያው ሰፊ ስለሆነ ውሃውን አያንቀውም፣ በዝግታ ስለሚዘጋም ቧንቧውን አይመታም። ስትገዙ አንድ ነገር አጣሩ፦ ኃይል ሲቋረጥ በራሱ የሚዘጋ ነው ወይስ ባለበት የሚቀር? ባለበት የሚቀረው ባትሪው በመሐል ቢሞት ክፍት ሆኖ ሮቶውን ባዶ ያደርገዋል። ውስጡ ኃይል አጠራቅሞ በራሱ የሚዘጋው፣ ባለ ሁለት ሽቦው ዓይነት ይሻላል። ሻጩ ካላወቀ እዚያው በ12 ቮልት አስከፍቱትና ሽቦውን ንቀሉት፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተመልሶ ከተዘጋ ይኸው ነው።

ደቂቃውን ማስላት

ደቂቃ በግምት አይሞላም። የመጀመሪያ፣ የመካከልና የመጨረሻ ድሪፐር ሥር ባዶ የውሃ ጠርሙስ አስቀምጡ፤ ሮቶው በግማሽ ሞልቶ ሳለ ልክ ለ6 ደቂቃ ክፈቱ። የተጠራቀመውን በ10 ስታበዙት የሰዓቱን መጠን ታገኛላችሁ፤ 240 ሚሊ ሊትር ማለት በሰዓት 2.4 ሊትር ነው። በግማሽ ሮቶ መለካቱ ምክንያት አለው፦ ሙሉና ባዶ ሊሆን የተቃረበ ሮቶ መካከል ያለው ልዩነት 13 በመቶ ገደማ ስለሆነ መካከለኛው ሁለቱንም ያቀራርባል። የመጨረሻው ጠርሙስ ከመጀመሪያው ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ መስመሩ ረዝሟል ወይም ቦታው ከፍ ይላል፤ ለሁለት ክፈሉት።

ለኮምቦልቻ ደረቅ ወቅት እንደ መነሻ ይህን ውሰዱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ፍሬ የያዘ ቲማቲም በቀን 1.2 ሊትር፣ በቀለም ባልዲ ያለ ቆስጣ ወይም ሰላጣ ግማሽ ሊትር፣ መሬት ላይ የተተከለ ወጣት ቡና፣ ጌሾ ወይም ፓፓያ በየሦስት ቀኑ 8 ሊትር። 12 ቲማቲም፣ 20 የቅጠላ ቅጠል ባልዲና 6 ዛፍ ያለው ጓሮ ሦስት መስመር፣ ሦስት ቫልቭ ይፈልጋል። የቲማቲሙን 1.2 ሊትር በጠዋትና በማታ ከፍላችሁ በ2.4 ስታካፍሉት እያንዳንዱ ዙር 15 ደቂቃ ይሆናል። ቅጠላ ቅጠሉ በተመሳሳይ 6 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። ዛፉ ሥር ሁለት ድሪፐር አድርጋችሁ 100 ደቂቃ በየሦስት ቀኑ። ሲደመር በቀን 40 ሊትር ገደማ ነው፤ 500 ሊትሩ ሮቶ 12 ቀን ያቆያል ማለት ነው። ሮቶው ሞልቶ ሳለ የፈረቃው ውሃ ሳምንት ቢዘገይ ጓሮው አይሰማውም።

ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። እዚያ ከዚህ ሩብ ቀንሳችሁ ጀምሩ። ሞቃት በሆኑት በከሚሴና ባቲ ላይ ሩብ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ዳኛው አፈሩ ነው፦ ከማታው ዙር በፊት ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል አስገቡ፤ ርጥብና የሚጣበቅ ከሆነ ደቂቃው በዝቷል፣ ዱቄት ከሆነ አንሷል። ከጀሪካኑ ሥር ውሃ ቶሎ የሚወጣ ከሆነ ግን ደቂቃውን ከመቀነስ በፊት ዙሩን ክፈሉት፤ የደረቀ አፈር መጀመሪያ ውሃ አይቀበልም፣ በጎን አሳልፎ ይለቀዋል። 5 ደቂቃ አጠጥቶ፣ 20 ደቂቃ አርፎ፣ የቀረውን 10 መስጠት የተሻለ ያርሰዋል።

ሰዓት የሚይዘው ክፍል

ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ ዙሪያውን ባለ 15 ደቂቃ ጥርስ ያለው ታይመር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። አራት ሰዓት መብራት ከጠፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ይሠራል፤ የንጋቱን ውሃ በጠራራ ፀሐይ ይሰጣል። ለቫልቭ ዋና ሰዓት አድርጋችሁ አትመኑት። አንድ መስመር ብቻ ላለው ሰው በሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራው የቧንቧ ታይመር በቂ ነው፤ ካርቶኑ ላይ «ከ0 ባር» የሚለውን እየፈለጋችሁ ግዙ።

ከአንድ መስመር በላይ ከሆነ ኢኤስፒ32 ወይም አርዱዊኖ የተባለው፣ ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ መቆጣጠሪያ፣ ከዲኤስ3231 የሰዓት ሰሌዳ ጋር ያስፈልጋል። ይህ ሰዓት በዓመት ከአንድ ደቂቃ ገደማ በላይ አይሳሳትም፣ የራሱም ባትሪ አለው። ሰማያዊው ርካሽ ሰሌዳ ላይ ግን አንድ አደጋ አለ፦ በ5 ቮልት ሲሠራ ክቧን የሲአር2032 ባትሪ ኃይል ሊሞላት ይሞክራል፤ እሷ ደግሞ የምትሞላ አይደለችም፣ ልታብጥና ልታፈስ ትችላለች። ወይ በ3.3 ቮልት አሠሩት፣ ወይ የመሙያውን ሬዚስተር ንቀሉት።

የሰዓት አቆጣጠራችንን ማሽኑ አያውቅም። ንጋት 11፡30 ለማሽኑ 5፡30 ነው፤ ከሰዓት በኋላ 10፡00 ደግሞ 16፡00። ፕሮግራሙ ውስጥ ሁሉንም በ24 ሰዓት ጻፉ፤ ስክሪን ላይ ሲያሳይ ብቻ 6 ደምሮ ለ12 አካፍሎ ቀሪውን ያሳይ፣ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ይበል። የቤቱ ሰው ሁሉ አይቶ እንዲገባው ይህ ትንሽ ሥራ ዋጋ አለው።

ፕሮግራም ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ 60 በ1000 ስታባዙ ተራው ሙሉ ቁጥር ከ32,767 በላይ መያዝ ስለማይችል ውጤቱ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ረጅሙን፣ ምልክት የሌለውን የቁጥር ዓይነት ተጠቀሙ። ሚሊሰከንድ ቆጣሪው በ49.7 ቀን ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል፤ «አሁን ሲቀነስ የጀመረበት» ብላችሁ ካነጻጸራችሁ ችግር የለውም፣ «የጀመረበት ሲደመር ቆይታ» ካላችሁ ግን አንድ ቀን ቫልቩ በሰዓቱ አይዘጋም። ኢኤስፒ32 ላይ 0፣ 2፣ 12 እና 15 ቁጥር እግሮችን (የሽቦ ማሰሪያዎቹን) ለሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ምልክት ትልቅ ኃይል ለሚከፍትና ለሚዘጋ ስዊች፣ አትስጡ፤ ሲነሣ የሚያነባቸው ናቸው። 25፣ 26፣ 27፣ 32 እና 33 ሰላማዊ ናቸው። ብዙዎቹ የሪሌይ ሰሌዳዎች የእግሩ ቮልቴጅ ዝቅ ሲል የሚበሩ ስለሆኑ እግሩን መውጫ ከማድረጋችሁ በፊት ከፍ አድርጉት፤ አለዚያ መብራት በመጣ ቁጥር ሁሉም ሪሌይ ለቅጽበት ጠቅ ይላል።

መብራት ወይም ባትሪ በመሐል ቢቋረጥስ? ፕሮግራሙ እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ የጠጣበትን ቀንና ዙር በቋሚ ማስታወሻው ይመዝግብ። ሲነሣ ይይ፦ የዛሬው ንጋት ዙር ካልተሰጠና ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት (ለማሽኑ 9፡00) ካልሞላ አሁን ይስጥ፤ ካለፈ ለማታው ይተወው። ምዝገባው በዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። የአርዱዊኖው ማስታወሻ ለ100,000 ያህል ጽሕፈት የተሠራ ነው፤ በየሰከንዱ ከጻፋችሁበት ያን ቁጥር ከ28 ሰዓት በታች ታዳርሱታላችሁ።

ኃይሉን በተመለከተ፣ ሞተር ቫልቮቹ ቀላል ናቸው፤ ብዙ የሚበላው ራሱ ኢኤስፒ32ቱ ነው። ዋይፋዩ ሁልጊዜ ከበራ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ፣ እሱም ባትሪውን ለማቆየት የሚገባ ነው፣ ሦስት ቀን ያህል ያደርሳችኋል። ዋይፋዩን ዝጉና ዕድሜውን አርዝሙት። ስልክ ላይ ማየት ደስ ይላል፤ ተክሉ ግን ከዚያ ምንም አያገኝም።

ፓምፑን ማዘዝ

የቤት ውሃ ዲናሞው፣ ማለትም ግማሽ የፈረስ ጉልበት የ220 ቮልት ፓምፕ፣ ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል። «10 አምፔር» የተጻፈበት ትንሽ ሪሌይ በዚህ ሥራ ውስጡ ያለው የብረት መገናኛ ሊበየድ ይችላል፤ ተበየደ ማለት ፕሮግራሙ «አቁም» ቢልም ፓምፑ አይቆምም። ሪሌዩ ኮንታክተር፣ ማለትም ለትልቅ ኃይል የተሠራ ስዊች፣ ይዘዝ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። ኃይል ወደ መሬት ሲሾልክ የሚያቋርጥ የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ብሬከርና የመሬት ሽቦ የግድ ነው፤ ውሃና 220 ቮልት አንድ ቦታ ናቸው።

የላይኛው ሮቶ ሁለት ተንሳፋፊ ስዊች ይኑረው፣ አንዱ ሩብ ላይ፣ ሌላው አፉ አጠገብ። አንድ ብቻ ከሆነ ውሃው በተናወጠ ቁጥር ፓምፑ ይነሣል ይጠፋል። ታችኛው ሮቶ ግርጌ ሦስተኛው ይሁን፣ ፓምፑ ደረቅ እንዳይዞር። ትንንሾቹ ተንሳፋፊዎች የፓምፕ ኃይል መሸከም ስለማይችሉ ምልክት ለመቆጣጠሪያው ብቻ ይስጡ። ከዚያ ትእዛዙ ይህ ነው፦ ላይኛው ከሩብ በታች ከሆነ፣ ታችኛው ውሃ ካለውና መብራት ከመጣ 5 ደቂቃ ካለፈ ፓምፑ ይነሣ። መብራት እንደመጣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው 5 ደቂቃው።

የጊዜ ጣሪያም ስጡት። ፓምፑ በደቂቃ 30 ሊትር የሚያወጣ ከሆነ ከሩብ እስከ ሙሉ ያለው 375 ሊትር 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። 18 ደቂቃ አልፎ የላይኛው ተንሳፋፊ ካልተነሣ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ቧንቧ ፈንድቷል፣ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቼክ ቫልቭ ለቆ ፓምፑ አየር ይዟል፣ ወይም ተንሳፋፊው ተቀርቅሯል። ፓምፑ ይቁም፣ ቀይ መብራት ይብራ፣ ሰው መጥቶ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ በራሱ እንደገና አይሞክር። የላይኛው ሮቶ ማፍሰሻ ቧንቧም ከመሙያው የሰፋ ሆኖ ወደ ታችኛው ይመለስ። ፓምፑን ከመንገዱ መስመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የጎረቤትን ድርሻ ይሻማል፣ መስመሩ በሳሳበት ቦታም ቆሻሻ ይስባል።

ሁለተኛ ሮቶ መስቀል የማይቻልበት ጠባብ ግቢ ውስጥ ትንሽ የ12 ቮልት ፓምፕ በቀጥታ ወደ ድሪፐር መግፋት ይችላል፤ ያኔ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሲጀመር ቫልቩ ቀድሞ ይከፈት፣ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ፓምፑ ይነሣ። ከመስመር ወደ መስመር ሲዛወር ቀጣዩ ከተከፈተ በኋላ የፊተኛው ይዘጋ። ሲያልቅ ፓምፑ ይቁም፣ 2 ሰከንድ ቆይቶ ቫልቩ ይዘጋ። የተዘጋ ቫልቭ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ይግላል ወይም ጎማውን ከመጋጠሚያው ያስለቅቃል። ሮቶው ከድሪፐሩ ከፍ ያለ ከሆነ ፓምፑ ቢቆምም ውሃው በራሱ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ቫልቩ አይቀርም። ለዚህ ሥራ የ220 ቮልቱን ዲናሞ አትጠቀሙ፤ በሰዓት 1,800 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ 40 እና 50 ሊትር በምታሳልፍ መስመር ታፍኖ ይቃጠላል።

ሽቦው ላይ አትሰስቱ። 5 አምፔር የሚበላ የ12 ቮልት ፓምፕ 10 ሜትር ርቆ በ1.5 ካሬ ሽቦ ቢታሰር 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ2.5 ካሬ 0.7 ብቻ። ሶሌኖይድ ከተጠቀማችሁ በጥቅልሉ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ እሰሩ፣ ባለ መስመሩ ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ያለ እሱ ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር የሚወረወረው ኃይል መቆጣጠሪያውን አጥፍቶ ያስነሣዋል፣ ውሎ አድሮም ይገድለዋል።

ማጣሪያና ዝናብ

ከላይኛው ሮቶ መውጫ ላይ 120 ሜሽ (ደቃቅ ወንፊት ያለው) ማጣሪያ አድርጉ። በክረምት ውሃው ሲደፈርስ በየሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንድ ጊዜ እጠቡት። የመስመሮቹን ጫፍ በየወሩ ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ይፍሰስ። ነጭ ቅርፊት የያዘ ድሪፐር አቼቶ ውስጥ ቢያድር ይለቃል። የፍግ ጭማቂ በዚህ መስመር አታሳልፉ፤ የቱንም ያህል ቢጣራ ይደፍነዋል፣ በእጅ አጠጡት።

የአፈር እርጥበት ዳሳሽ የምትጨምሩ ከሆነ ሁለት ጥፍር ያላቸውን፣ ብረታቸው የሚታየውን አትግዙ፤ በጥቂት ሳምንት ይበላሉ። ብረቱ የተሸፈነውን ዓይነት ወስዳችሁ የላይኛውን ጫፍና ጠርዙን በጥፍር ቀለም ለብጡት። ኢኤስፒ32 ላይ ከ32 እስከ 39 ባሉት እግሮች አንብቡት፤ ሌሎቹ ዋይፋይ ሲበራ ማንበብ ያቆማሉ። ዳሳሹ ውሃ እንዲከለክል እንጂ እንዲያዝ አታድርጉት፦ አፈሩ ርጥብ ከሆነ ዙሩን ይዝለል፣ ደረቅ ነው ብሎ ግን ከተመደበው ደቂቃ በላይ አይስጥ። ዳሳሹ ከአፈር ቢወጣ ወይም ሽቦው ቢበጠስ ሮቶው እንዳያልቅ ነው ይህ።

ወሎ የበልግ ዝናብ አለውና ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መርሐ ግብሩን ዘግቶ መተው አይቻልም፤ አንድ ሳምንት ዘንቦ ሁለት ሳምንት ሊደርቅ ይችላል። በሳጥኑ ላይ «ለ3 ቀን ዝለል» የሚል አንድ ቁልፍ አኑሩ፤ ደህና ዝናብ ሲጥል ይጫናል፣ በአራተኛው ቀን መስኖው በራሱ ይመለሳል። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ሜዳ ላይ ያሉት መስመሮች ይዘጉ። ከጣሪያ ክፈፍ ሥር የተደረደሩ ጀሪካኖች ግን ክረምቱን ሙሉ ዝናብ አይነካቸውም፤ የራሳቸው ቫልቭ ይኑራቸው፣ የዝለል ቁልፉም እነሱን አይመልከት።